ወታደራዊ ጠበቃ እንዴት የክፍለ ግዛት ፖለቲከኛ ይሆናል?

አንቶኒ ብራውን የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ናቸው። ወንበሩን የያዙት በጃንዋሪ 2023 ሲሆን፣ በክፍለ ግዛቲቱ ታሪክ በዚህ ሥልጣን ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ናቸው። ከዚያ በፊት የሄሊኮፕተር አብራሪ፣ ወታደራዊ ጠበቃ፣ የክፍለ ግዛት ምክር ቤት አባል፣ ምክትል አገረ ገዥና የኮንግረስ አባል ነበሩ። በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ወገናችን ስማቸውን ሰምቶ ይሆናል፤ በምን መንገድ እዚያ እንደደረሱ ግን እምብዛም ሲወራ አይሰማም። መንገዱ ግን ሊታወቅ የሚገባው ነው። አንደኛ፣ በዚሁ መንገድ የመጡ ፖለቲከኞች በሁለቱም ፓርቲዎች ውስጥ ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ የሚይዙት ሥልጣን የቤት ኪራይ ውልን፣ የፖሊስን ተኩስ፣ እዚህ አገር የተወለደ ልጅን ዜግነት ሳይቀር የሚነካ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወታደራዊ ጠበቃ ምን ዓይነት ሰው ነው ከሚለው እንነሣ። በአሜሪካ ጦር ውስጥ «ጃግ» እየተባሉ የሚጠሩት መኮንኖች በአንድ ጊዜ ሙሉ ጠበቃም ሙሉ ወታደርም ናቸው። የሕግ ትምህርት ቤት ጨርሰው፣ የጥብቅና ፈተና አልፈውና ፈቃድ ይዘው ነው በመኮንንነት የሚያገለግሉት። ሙያው ከአገሪቱ የነጻነት አዋጅ ይቀድማል። ጆርጅ ዋሽንግተን ጦሩን በተረከቡ ወር ሳይሞላ፣ በጁላይ 1775፣ ዊልያም ቱዶር የተባለ የቦስተን ጠበቃ የጦሩ የመጀመሪያ የሕግ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ዛሬ የምድር ጦሩ ጠበቆች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት በቻርሎትስቪል ከተማ፣ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይገኛል።

ብዙ ሰው ወታደራዊ ጠበቃ ሲባል የጦር ፍርድ ቤት ክርክር ብቻ ነው የሚታየው። እሱም አለ። ከሳሹም፣ ተከላካዩም፣ ዳኛውም መለዮ ለባሽ ጠበቆች ናቸው። የሚሠሩበት ሕግ በ1950 በኮንግረስ የወጣ፣ ከ1951 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ነው። የዚህ ሕግ 31ኛ አንቀጽ አንድ የተጠረጠረ ወታደር ከመመርመሩ በፊት በምን እንደተጠረጠረና ዝም የማለት መብት እንዳለው እንዲነገረው ያዝዛል። ሲቪሉ ሰው በፖሊስ ሲያዝ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ እንዲነገረው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው በ1966 ነው። ወታደሩ ይህን መብት በሕግ ያገኘው 15 ዓመት ቀድሞ ነበር ማለት ነው።

ለተራው ወታደር ይበልጥ ቅርብ የሆነው ግን የሕግ ድጋፍ ቢሮው ነው። አንድ የ20 ዓመት ወታደር ወደ ሌላ የጦር ሰፈር እንዲዛወር ትእዛዝ ደረሰው እንበል። አፓርታማውን የተከራየው ለአንድ ዓመት ነው፤ አከራዩ የቀረውን ወር ሁሉ ካልከፈልክ አትወጣም ይለዋል። ወታደሩ ውሉንና የዝውውር ትእዛዙን ይዞ ጠበቃው ዘንድ ይሄዳል። ጠበቃው በ2003 የወጣውን የወታደሮች የፍትሐ ብሔር ጥበቃ ሕግ ጠቅሶ አጭር ደብዳቤ ይጽፍለታል፤ የትእዛዙ ቅጂ ይያያዛል፤ ቀጣዩ ኪራይ ከሚከፈልበት ቀን አንሥቶ 30 ቀን ሲሞላ ውሉ ያበቃል። ይኸው ሕግ ወታደሩ ከመቀጠሩ በፊት የገባበት ዕዳ ወለድ በአገልግሎት ዘመኑ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ያደርጋል። ኑዛዜ፣ ውክልና፣ ፍቺ፣ የልጅ አስተዳደግ፣ መኪና ሻጭ ያታለለው ሰው አቤቱታ፣ ሁሉም በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። የክፍለ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል የሚሠራው ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ባለጉዳዩ ግን ወታደሩ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ በሙሉ ነው።

ጦርነት ሲመጣ ሥራው ይከብዳል። በኢራቅ ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ወታደሮች ተኩስ ዘመዱ የሞተበት ወይም በጦር ተሽከርካሪ መኪናው የተደቆሰበት ኢራቃዊ አቤቱታውን የሚያቀርበው ለወታደራዊ ጠበቃ ነበር። ሰነድ ይዞ፣ አስተርጓሚ መሐል ተቀምጦ፣ የደረሰበትን ያስረዳል። ለሞት የሚሰጠው የማጽናኛ ክፍያ በአብዛኛው ከ2,500 ዶላር አይበልጥም ነበር። ልጁን ያጣ አባት ፊት ይህን ቁጥር መናገር ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በባግዳድ እንዲህ ያሉ አቤቱታዎችን ከተቀበሉት መኮንኖች አንዱ የ82ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ጠበቃ የነበሩት ፓትሪክ መርፊ ናቸው። በ2006 ከፔንሲልቬኒያ ለኮንግረስ ሲመረጡ፣ ከኢራቅ ጦርነት ዘማቾች ለተወካዮች ምክር ቤት የበቁ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ። በ2012 ደግሞ ለፔንሲልቬኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ተወዳድረው በፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ ተሸንፈዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ወታደራዊ ጠበቃ የአዛዥ አማካሪ ነው። ዒላማ ሲመረጥ፣ እስረኛ ሲያዝ፣ መንደር ሲፈተሽ፣ ሕጉ ምን ይፈቅዳል የሚለውን የሚናገረው እሱ ነው። ትእዛዝ አይሰጥም። ማዕረጉ ከአዛዡ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም «ይህ አይፈቀድም» ብሎ የመናገር ግዴታ አለበት። የአሜሪካ ሕግም የትኛውም የመከላከያ ባለሥልጣን ጠበቆቹ የሚሰጡትን ነጻ የሕግ ምክር እንዳያደናቅፍ በግልጽ ይከለክላል።

ሕጉ እንዲህ ቢልም «አይፈቀድም» ማለት ዋጋ ያስከፍላል። የባሕር ኃይሉ ጠበቃ ቻርልስ ስዊፍት በጓንታናሞ የታሰረውን የመናዊ የኦሳማ ቢን ላደን ሹፌር ሳሊም ሐምዳንን እንዲከላከሉ ተመደቡ። ደንበኛቸውን ጥፋተኛ ነኝ ከማሰኘት ይልቅ ሊዳኝ የቀረበበት ልዩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ራሱ ሕገ ወጥ ነው ብለው ተከራከሩ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በጁን 2006 ረቱ። ከድሉ ብዙም ሳይቆይ የማዕረግ ዕድገት እንደማያገኙ ተነገራቸው፤ በባሕር ኃይሉ ደንብ ደግሞ በተወሰነ ጊዜ ያላደገ መኮንን ይሰናበታል። በ2007 ከጦሩ ወጡ። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴት የምድር ጦሩንና የአየር ኃይሉን ዋና የሕግ መኮንኖች ከቦታቸው አነሡ። የጦር ጠበቃ የፈለገውን ያህል ደፋር ቢሆን በላዩ የሚሾመውና የሚሽረው ሰው አለ።

የክፍለ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ወንበር ለእንዲህ ዓይነቱ ጠበቃ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ከ50ዎቹ ክፍለ ግዛቶች በ43ቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል። አገረ ገዥው አይሾመውም፤ ምክሩ ስላልጣመውም አያባርረውም። ሁለቱ ከተለያየ ፓርቲ ሊመጡ፣ ፍርድ ቤት ሊካሰሱም ይችላሉ። ዕድሜውን ለአዛዥ ሲመክር የኖረ ጠበቃ በዚህ ወንበር ላይ ምክር መስጠቱን ይቀጥላል፤ ሊያነሣው የሚችለው ግን መራጩ ነው። ይህን ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ እኛ በለመድነው አሠራር ዐቃቤ ሕግ ተሿሚ ነውና።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ሰው 20 ዓመት በጦሩ አገልግሎ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ ከዚያ ፖለቲካ እንደሚጀምር ነው። በክፍለ ግዛት ፖለቲካ ግን ብዙውን ጊዜ የሆነው እንዲህ አይደለም። ሙሉ ጊዜውን በጦሩ የሚያገለግል መኮንን በየጥቂት ዓመቱ ይዛወራል፤ ዛሬ ጀርመን፣ ነገ ቴክሳስ፣ ከነገ ወዲያ ኮሪያ። እንዲህ የሚዞር ሰው የሚያውቀው ጎረቤትም፣ የሚያውቀው መራጭም የለውም። በናሽናል ጋርድ ወይም በተጠባባቂ ጦር ያለው ጠበቃ ግን በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ነው የሚያገለግለው። የቀረውን ጊዜ በከተማው ይኖራል፣ ጥብቅና ይሠራል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ሠፈሩ ያውቀዋል።

የክፍለ ግዛት ምክር ቤቶችም በአብዛኛው የሙሉ ጊዜ ሥራ አይደሉም። የሜሪላንድ ምክር ቤት በየዓመቱ ከጃንዋሪ ጀምሮ ለ90 ቀን አናፖሊስ ላይ ይሰበሰባል፤ ከዚያ አባላቱ ወደየሥራቸው ይመለሳሉ። በሰሜን ካሮላይና የአንድ ተራ የምክር ቤት አባል ደመወዝ በዓመት ወደ 14 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ በዚህ ገንዘብ ቤተሰብ የሚያስተዳድር የለም። ስለዚህ ምክር ቤት የሚገባው ሰው ሌላ መተዳደሪያ፣ እንደ ልብ የሚያዝበት ሰዓትና ከሕግ ጋር ትውውቅ ያለው መሆን አለበት። ጠበቃ ይህን ያሟላል። ተጠባባቂ ጦር ውስጥ ያለ ጠበቃ ደግሞ በላዩ ላይ ክብርና የሰው ትውውቅ ይጨምራል። የጥብቅና ቢሮው፣ የቅዳሜና እሑዱ መለዮና የምክር ቤቱ ወንበር አንዱ ሌላውን ሳያፈናቅሉ አብረው መሄድ መቻላቸው ነው ይህን መንገድ የከፈተው።

ብራውን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። የተወለዱት በ1961 ኒውዮርክ ውስጥ ነው፤ አባታቸው ኩባ ተወልደው ጃማይካ ያደጉ ሐኪም፣ እናታቸው ስዊዘርላንዳዊት ናቸው። ሃርቫርድ እየተማሩ የመኮንንነት ሥልጠና ወስደው በ1984 ሲመረቁ የምድር ጦሩ ሄሊኮፕተር አብራሪ ሆኑ፤ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ አገለገሉ። በ1989 የሙሉ ጊዜ አገልግሎቱን ትተው ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ገቡ። ከጦሩ ግን አልራቁም፤ በተጠባባቂ ጦሩ ውስጥ ወታደራዊ ጠበቃ ሆኑ። በ1992 ሕጉን ጨርሰው የጦር ኃይሎች ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ረዳት ሆነው ሠሩ፤ ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ በታወቀ የጥብቅና ድርጅት ተቀጠሩ። በ1998 ከፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ለሜሪላንድ የተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ።

በ2004 የምክር ቤት አባል እንደሆኑ የዘመቻ ጥሪ መጣ። ኢራቅ ሄደው የተመደቡት የተፈናቃዮችና የስደተኞች ጉዳይ የሚመለከተውን የኢራቅ ሚኒስቴር በማማከር ሥራ ላይ ነበር። ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ቤተሰብ ሲመለስ ቤቱ ሌላ ሰው ገብቶበት ሲያገኘው ምን ይደረጋል የሚል ጥያቄ የሚነሣበት መሥሪያ ቤት ነው፤ ስደትን በቅርብ ለሚያውቀው አንባቢ ክብደቱን ማስረዳት አያስፈልግም። ብሮንዝ ስታር የተባለውን ሜዳሊያ ይዘው ተመለሱ። በ2006 ለአገረ ገዥነት ከቀረቡት ከማርቲን ኦማሊ ጋር ተጣምረው ምክትል አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ፤ ስምንት ዓመት በዚያ ሥልጣን ቆዩ።

ከብራውን ታሪክ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ሽንፈታቸው ይመስለኛል። በ2014 ለአገረ ገዥነት ሲወዳደሩ ሁሉም ነገር የተመቻቸላቸው ይመስል ነበር፤ ዴሞክራቶች በብዙ እጅ የሚበልጡበት ክፍለ ግዛት፣ የስምንት ዓመት ምክትልነት፣ የጦር ሜዳ ሜዳሊያ። ነገር ግን የሜሪላንድን የጤና መድን መመዝገቢያ ሥርዓት የማዘጋጀቱን ሥራ በኃላፊነት ይመሩ የነበሩት እሳቸው ነበሩ፤ ሥርዓቱም በኦክቶበር 2013 በተከፈተበት ዕለት ተበላሽቶ ለወራት ሰው ሊመዘገብበት አልቻለም። የግብር መብዛትም መራጩን አስቆጥቶት ነበር። ሪፐብሊካኑ ላሪ ሆገን 51 ለ47 በሚጠጋ መቶኛ አሸነፏቸው። መራጩ ዘማቹን አላቃለለም፤ የጠየቀው የተሰጣቸውን ሥራ እንዴት እንደሠሩት ነው። ልክም ነበር እላለሁ። የወታደር አገልግሎት ሰውየውን ለመስማት ምክንያት ይሰጣል፤ ላልተሠራ ሥራ ማካካሻ ግን ሊሆን አይገባም።

ብራውን ከሽንፈቱ በኋላ በ2016 ለኮንግረስ ተመረጡ። በ2022 ደግሞ ያን ትተው ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ቀረቡ። በፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ የገጠሟቸው የቀድሞ አለቃቸው የኦማሊ ባለቤት፣ ዳኛ የነበሩት ኬቲ ኦማሊ ነበሩ። እሳቸውን አሸንፈው፣ በዋናው ምርጫም በሰፊ ልዩነት ረትተው ገቡ።

ሌሎቹ በየመንገዱ ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ። በደቡብ ካሮላይና አባትና ልጅ ናቸው። ጆ ዊልሰን በናሽናል ጋርድ ጠበቃ ሆነው እያገለገሉ 17 ዓመት ያህል የክፍለ ግዛቱ ሴናተር ነበሩ፤ በ2001 ኮንግረስ ገቡ። ልጃቸው አለን ዊልሰን ኢራቅ ዘምተው፣ በናሽናል ጋርድ ወታደራዊ ጠበቃ ሆነው፣ በጃንዋሪ 2011 የክፍለ ግዛቱን የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ወንበር ያዙ። ሁለቱም ሪፐብሊካን ናቸው። ከሰሜን ካሮላይና ዴሞክራቱ ጄፍ ጃክሰን ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ በተራ ወታደርነት ተመዝግበው አፍጋኒስታን አገለገሉ፤ ተመልሰው ሕግ ተማሩ፣ ጋስተን ካውንቲ ውስጥ ዐቃቤ ሕግ ሆኑ፣ በናሽናል ጋርድም ወታደራዊ ጠበቃ ሆኑ፤ በ2014 የክፍለ ግዛት ሴናተር ሆኑ። በ2022 ለኮንግረስ ተመርጠው ነበር፤ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የምርጫ ወረዳቸውን ካርታ ሲቀይረው ዳግም የማሸነፍ ተስፋቸው ተዘጋ፤ በ2024 ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ተወዳድረው አሸነፉ።

የደላዌሩ ቦ ባይደን ነገር ለብቻው መነገር አለበት። የቀድሞው ፕሬዚዳንት የጆ ባይደን ልጅ ነው፤ በ2006 የደላዌር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ሲመረጥ በናሽናል ጋርድ ወታደራዊ ጠበቃ ነበር። በ2008 መጨረሻ ክፍሉ ወደ ኢራቅ ሲጠራ ከሥልጣኑ ሳይለቅ አብሮ ዘመተ፤ አንድ ዓመት ያህል የክፍለ ግዛቱ ዋና ሕግ አስከባሪ በሻምበልነት ጦር ሜዳ ነበር። ሲመለስ አባቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የተዉት የሴኔት ወንበር ከፊቱ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን በደላዌር አንድ የሕፃናት ሐኪም ብዙ ሕፃናትን መድፈሩ ተጋልጦ ነበር። ቦ ባይደን በጃንዋሪ 2010 ለሴኔት እንደማይወዳደር፣ ያንን ክስ ዳር እንደሚያደርስ አስታወቀ። ሐኪሙ በ2011 በ14 የዕድሜ ልክ እስራት ተቀጣ። ቦ ባይደን በሜይ 2015 በ46 ዓመቱ በአንጎል ካንሰር አረፈ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ወደ ሌላ ሥልጣን መወጣጫ መሰላል ነው ለሚሉ ሰዎች ለሴኔት ያለመወዳደር ውሳኔው በቂ መልስ ነው።

በእርግጥ ሌላም መንገድ አለ። የፍሎሪዳው አገረ ገዥ ሮን ዲሳንቲስ በባሕር ኃይሉ የሙሉ ጊዜ ጠበቃ ነበሩ፤ በ2006 ጓንታናሞ፣ ቀጥሎ ኢራቅ ፋሉጃ ውስጥ የልዩ ኃይል አዛዥ የሕግ አማካሪ ሆነው ሠርተዋል። በ2012 ለኮንግረስ፣ በ2018 ለአገረ ገዥነት ተመረጡ።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ «ወታደር ፖለቲካ ገባ» ሲባል ልቡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በ1974 ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ወታደር ፖለቲካ የገባው ከነመሣሪያው ነበር፤ የተከተለውን 17 ዓመት የማያውቅ ቤተሰብ የለም። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ እንዲሆን የደነገገውም ያንን በማስታወስ ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። የአሜሪካውም ሕግ የቆመው ይህንኑ ለመከላከል ነው። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ቁጥር 1344.10 መመሪያ በሙሉ ጊዜ አገልግሎት ላይ ያለ ወታደር በፓርቲ ስም እንዳይወዳደርና የምርጫ ቅስቀሳ እንዳያደርግ ይከለክላል። ተጠባባቂው መወዳደር ይችላል፤ ግን በመለዮ የተነሣውን ፎቶ ከተጠቀመ ጦሩ እንደማይደግፈው የሚገልጽ ማሳሰቢያ ማስቀመጥ አለበት። ድንበሩን ፍርድ ቤትም ያስከብረዋል። የደቡብ ካሮላይናው ሴናተር ሊንዚ ግራም የአየር ኃይል ጠበቃ ነበሩ፤ ሴናተር ሆነውም በተጠባባቂነት በአየር ኃይሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተቀመጡ። በ2006 የጦር ኃይሎች ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ የኮንግረስ አባል በዚያ ችሎት ዳኛ ሊሆን አይችልም ብሎ ወሰነ። ሕግ የሚያወጣና በሕጉ የሚፈርድ አንድ ሰው ሊሆን አይገባም፤ ውሳኔው ትክክል ነበር።

ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላስ ምን ይሠራሉ? በሜሪላንድ የሆነውን ብቻ ላንሣ። በኤፕሪል 2023 የብራውን መሥሪያ ቤት በባልቲሞር የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ውስጥ ለአሠርት ዓመታት በሕፃናት ላይ የተፈጸመውን የወሲብ ጥቃት የሚመለከት ሪፖርት አወጣ፤ ምርመራውን በ2018 የጀመሩት ከሳቸው በፊት የነበሩት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ናቸው። ሪፖርቱ ከ600 በላይ ተጎጂዎችን መዘገበ። በዚያው ወር ተጎጂዎች ዘመኑ አልፎባችኋል ሳይባሉ መክሰስ እንዲችሉ የሚፈቅድ ሕግ ተፈረመ። ፖሊስ ሰው ሲገድል የሚመረምረው ራሱን የቻለ ክፍል በዚሁ መሥሪያ ቤት ሥር ሲሆን፣ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ መመርመር ብቻ ሳይሆን መክሰስም ይችላል። በጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የዜግነትም ሆነ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ከሌላቸው ወላጆች እዚህ የሚወለዱ ልጆች የአሜሪካ ዜግነት እንዳያገኙ የሚያዝዝ ትእዛዝ ሲፈርሙ፣ በማግስቱ ፍርድ ቤት ከሄዱት ክፍለ ግዛቶች አንዷ ሜሪላንድ ነበረች። ጊዜያዊ ፈቃድ ይዛ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖር ነፍሰ ጡር እናት ይህ ሩቅ የፖለቲካ ወሬ አይደለም።

ልጆቻቸው በዚህ መንገድ እንዲሄዱ የሚሹ ወላጆች ካሉ ጥቂት ልጨምር። ከኛ ሰው ብዙ ወጣት ቀድሞውንም ጦሩ ውስጥ አለ። ከ2009 እስከ 2016 ጦሩ ልዩ ቋንቋ የሚችሉ የውጭ ዜጎችን ሲመለምል ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር፤ በዚያ ከገቡት ብዙዎቹ ዜግነታቸውን በፍጥነት አግኝተዋል። ወታደራዊ ጠበቃ ለመሆን የአሜሪካ ዜግነት ግድ ነው፤ እዚህ መወለድ ግን ግድ አይደለም። ከሴፕቴምበር 11 በኋላ የወጣው የቀድሞ ወታደሮች የትምህርት ድጋፍ ሦስት ዓመት በሙሉ ጊዜ ላገለገለ ሰው በነዋሪነት ክፍለ ግዛቱ ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የ36 ወር ክፍያ ይሸፍናል፤ ሦስት ዓመት የሚፈጀው የሕግ ትምህርትም በዚህ ሊያልቅ ይችላል። በሕግ ረዳትነት የሚያገለግሉ ተራ ወታደሮችም አሉ፤ ሙያው ይስማማኝ ይሆን የሚል ወጣት ከዚያ ቢጀምር መልካም ነው። ጦሩ ውስጥ መግባት ግን የሕይወት አደጋ ያለበት ውሳኔ ነው፤ ለትምህርት ክፍያ ብቻ ተብሎ መወሰን የለበትም።

ሜሪላንድ ያላችሁ አንባቢዎች፣ አከራይ መያዣችሁን ቢከለክላችሁ ወይም መኪና ሻጭ ቢያታልላችሁ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ ማቅረብ በነጻ ነው፤ ለዚህ ዜግነት አይጠየቅም። ዜግነት ያላችሁ ደግሞ በየአራት ዓመቱ ይህን ሰው የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ቀጣዩ ምርጫ ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ነው፤ ያልተመዘገበ ሰው በዕለቱም ምርጫ ጣቢያው ላይ ተመዝግቦ ድምፅ መስጠት ይችላል። ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ከአገረ ገዥው ስም አልፋችሁ ውረዱ። ዕጩው መለዮ የለበሰ ከሆነ አገልግሎቱን አክብሩለት፤ ከዚያ በመለዮው ምን እንደሠራ፣ አለቃው ሲሳሳት ምን እንዳለው ጠይቁ። የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን መስመር ባዶ አትለፉት።